የሞተባችሁን መጀመሪያ ጻፉ

ይሄ ነገር ደርሶባችሁ ያውቃል? መንገድ ዳር ከተደረደሩት ችግኞች መካከል ረጅሙን፣ ለምለሙን፣ ቅጠሉ የሚያብረቀርቀውን መርጣችሁ ትገዛላችሁ። ቤት ወስዳችሁ ጥሩ ጉድጓድ ትቆፍራላችሁ፣ ፍግ ትጨምራላችሁ፣ ጠዋት ማታ ታጠጣላችሁ። ችግኙ አይሞትም። ግን አያድግም። ዓመት ሙሉ በተተከለበት ቁመት፣ ግድግዳ ላይ እንደተሳለ ዛፍ ቆሞ ይኖራል። ከዚያ አንድ ቀን ነፋስ ይነፍሳል፤ ያውም የረባ ነፋስ አይደለም። ችግኙ ዘፍ ብሎ ይወድቃል። እናንተ «የእኔ እጅ ለተክል አይሆንም» ትላላችሁ፤ ጎረቤት ደግሞ «ሰው አይቶባችሁ ነው» ይላል።

እጃችሁ ምንም አልሆነም። ሰውም አላየባችሁም። ምክንያቱን እነግራችኋለሁ፤ ግን ከምክንያቱ በፊት ያስተማሩኝን ሰው ማስተዋወቅ አለብኝ።

ባለፈው ሳምንት ሙሉጌታ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ሙሉጌታ ከአቃቂ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ዳር አበባና ችግኝ የሚሸጥ፣ ድምፁ ከከባድ መኪና ጥሩንባ የማይተናነስ ሰው ነው። «ቲቸር፣ እትዬ ጫልቱ ዛሬ ጠዋት ሄዱ» ይላል። «ቢሾፍቱ ልጃቸው ጋ ጠቅልለው ገቡ። ጉልበቴ እምቢ አለ አሉ። ዕቃቸውን የጫነው አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው ችግኞቹን አንድ በአንድ ስማቸውን እየጠሩ ተሰናበቱ። እኔን ግን ረሱኝ!» ሳቀ።

እትዬ ጫልቱ አሥር ጣታቸው መሬት ውስጥ ያደገ ሴት ነበሩ። አባታቸው ጤፍና ሽምብራ ያመርቱበት የነበረው ማሳ ላይ ዛሬ ፋብሪካ ቆሟል። እሳቸው በዚያው ፋብሪካ ግቢ አትክልተኛ ሆነው እስከ ጡረታ ሠሩ። «አባቴ ያረሰውን እኔ ኮተኮትኩት» ይሉ ነበር፣ ምንም ቅሬታ በሌለው ድምፅ። ከጡረታ በኋላ ከአቃቂ በሰቃ ወረድ ብሎ፣ በአንድ መጋዘን ግንብና በወንዙ መካከል ባለች ጠባብ መሬት ላይ የችግኝ ጣቢያ ከፈቱ።

ወንዙ ቀለሙን እንደ ስሜቱ ስለሚቀያይር አያጠጡበትም። ዓይናቸው ያረፈው የመጋዘኑ ጣሪያ ላይ ነበር። ዝናብ ሲጥል ከዚያ ጣሪያ የሚወርደው ውሃ ሦስት በርሜል በአንድ ሰዓት ይሞላል። የመጋዘኑ ዘበኛ ግን አሸንዳ ማሰር አይቻልም አላቸው።

«ውሃው የድርጅቱ ንብረት ነው» አላቸው።

«እሺ ወንድሜ» አሉት። «እንግዲያው ንብረታችሁን ሰብስቡ። ትላንት ንብረታችሁ የችግኝ መደቤን አጥለቅልቆት አደረ።»

በሦስተኛው ቀን አሸንዳውን ያሰረው ዘበኛው ራሱ ነው።

እኔ ያወቅኋቸው ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ነው። ለትምህርት ቤቱ ግቢ ችግኝ ፍለጋ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። በሩ አጠገብ፣ በሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ላይ፣ የአሮጌ ጭነት መኪና ኮፈን ተቸንክሮ ቆሟል። ቃሊቲ ውስጥ የወዳደቀ የመኪና አካል ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኮፈኑ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ሰሌዳ ሆኗል። ሰዎች ከበውት ያነባሉ። እኔም ላነብ ጠጋ ስል አንዲት ጸጉራቸውን በሻሽ ያሰሩ ሴት ከመደቡ ቀና አሉ።

«ስንት ሞተብህ?» አሉኝ፣ ልክ እንደ ሰላምታ።

«ማን?»

«ችግኝ ነዋ!»

«ኧረ እኔ ገና አልተከልኩም። ከትምህርት ቤት ነው የመጣሁት፤ አስተማሪ ነኝ...»

«አስተማሪ ምንም ገድሎ አያውቅም?»

የከበቡት ሰዎች ሳቁ። ግራ ገብቶኝ ማሰብ ጀመርኩ፤ ጥያቄ ከተጠየቅኩ ሳልመልስ ማለፍ አልወድም። ከዚያ ትዝ አለኝ። በተከራየሁት ክፍል መስኮት ላይ በቆርቆሮ የተተከለ እሬት ነበረኝ።

«እሬት» አልኩ። «አንድ። በስብሶ ሞተ።»

«በምን?»

«በየቀኑ አጠጣው ነበር።»

ከኋላ ያ ጥሩንባ ድምፅ «እሬት ውሃ አጠጥቶ ገደለ!» ብሎ ጮኸ። ሙሉጌታን ያወቅኩት በዚያች ቅጽበት ነው። ሳቁ ወንዙ ማዶ ሳይሰማ አልቀረም። እትዬ ጫልቱ ግን አልሳቁብኝም። ፊታቸው በራ። ጠመኔ ሰጡኝና «ይኸውልህ! አሁን ሰው ሆንክ። ሂድና ጻፈው» አሉኝ።

ጻፍኩት። «እሬት፣ አንድ። በየቀኑ በማጠጣት።» የእጅ ጽሕፈቴ ያምራል፤ ይህን የምለው ለመኩራት ሳይሆን ቀጥሎ የሆነውን ለማስረዳት ነው። እትዬ ጫልቱ ጽሑፉን ራቅ ብለው፣ ቀረብ ብለው አዩትና «ከዛሬ ጀምሮ የሰሌዳው ጸሐፊ አንተ ነህ» አሉ። ችግኝ ልጠይቅ ሄጄ ሥራ ይዤ ተመለስኩ።

ሰሌዳው እንዴት እንደሚሠራ ላብራራ። ሦስት ዓምድ አለው። መሃል ላይ «የሚገኝ» ይላል፦ የተብላላ ፍግ ያለው ሰው፣ የተነፋ ቀይ አፈር የሚራገፍበት ቦታ፣ ተርፎ በነጻ የሚሰጥ የወይራ ዘር፣ ነጻ ሥልጠና። በስተቀኝ «የሚፈለግ» ይላል፦ ለግቢው ቦጋንቪላ የሚፈልግ አሠሪ፣ ሳር ማንጠፍ የሚችል ሠራተኛ። በስተግራ፣ ከሁሉም ቀድሞ፣ «የሞተ» ይላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሳሪስ አቦም ከአቃቂም ችግኝ አፍዪዎችና ግቢ አስዋቢዎች ይመጣሉ። ሌሎቹን ሁለት ዓምዶች ከማንበባቸው በፊት በሳምንቱ የሞተባቸውን ተክልና የሞተበትን ምክንያት በግራው ዓምድ ይጽፋሉ፤ መጻፍ የማይመቸው ለእኔ ይነግረኛል። ሕጉ አጭር ነው። የእትዬ ጫልቱ ቃል እንዳለ ይኸው፦ «ሬሳ ያላመጣ ወሬ አይወስድም።»

መጀመሪያ ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል። ግን አስቡት። ችግኝ አፍልቶ የሚሸጥ ሰው የሞተበትን ይደብቃል። ሻጭ ነዋ! የእሱ ነገር ሁሉ አረንጓዴ ነው። ስለዚህ ምስጥ የበላው መሬት ላይ ሌላው ደግሞ ይተክላል፤ አንዱን ያከሰረ ዘር ሌላውን ያከስራል። እዚያ ኮፈን ላይ ግን ነጭ ዝንብ በየት በኩል እንደመጣ፣ ከየትኛው ቁፋሮ የወጣ አፈር ሲሚንቶ እንደተቀላቀለበት፣ በዋልካ አፈር ላይ ምን ብትተክል ሥሩ ታፍኖ እንደሚቀር ሁሉ ይነበባል። የእኔ እሬት እንኳ ከንቱ አልሞተም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ግቢ አስዋቢ «ሠራተኛዬ የግቢውን እሬት በየቀኑ በጎማ ሲያጠጣ አስቆምኩት» ብሎ አመስግኖኛል።

ከሕጉ የሚያመልጥ አንድ ሰው ነበር፤ ሙሉጌታ። በየሳምንቱ «እኔ ምንም አልሞተብኝም፣ እግዜር ይመስገን» ይላል። እትዬ ጫልቱም «የሙሉጌታ ችግኝ አይሞትም፣ ይሰወራል» ይላሉ። ሰው ይስቃል፣ ሙሉጌታም ይስቃል፤ ከዚያ «እሺ አንድ ጽጌረዳ» ብሎ ጣል ያደርጋል።

እትዬ ጫልቱን ስታስቧቸው ትልቅ ሴት አድርጋችሁ አታስቧቸው። አጭር፣ ቀጭን፣ ፈጣን ነበሩ። አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጎን በገመድ የታሰረች ትንሽ ሰንጢ ትንጠለጠላለች። ጠዋት ሲገቡ መደቦቹን «ኢጆሌ፣ እንዴት አደራችሁ?» ይላሉ፤ ልጆች፣ ማለታቸው ነው። ማጠጣት ያስፈልግ እንደሆነ ለማወቅ ጣታቸውን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈር ውስጥ ይሰዳሉ። ገዢ መጥቶ ቅጠሉን እያሻሸ ሲያደንቅ ከዚያው መደብ አንድ ችግኝ ያነሱና በሰንጢዋ የተተከለበትን ላስቲክ ከላይ እስከ ታች ይቀድዱታል፤ አፈሩን አራግፈው ሥሩን ያሳዩታል።

«ቅጠል ያወራል፣ ሥር ይመሰክራል» ይላሉ።

አንድ ችግኝ ለናሙና ይሠዋል ማለት ነው። ከየመደቡ አንድ ሳይቀዱ ሸጠው አያውቁም።

በሁለተኛው ዓመት ሰሌዳውን በየቅዳሜው ፎቶ እያነሳሁ በቴሌግራም ቡድን ላይ መለጠፍ ጀመርኩ። ሐሳቡን ስነግራቸው አልጣማቸውም። «ስልክ ላይ ያለው ሰው ሬሳ ሳያመጣ ሊያነብ ነው?» አሉኝ። ስለዚህ ወደ ቡድኑ ለመግባት የሞተባችሁን መላክ ግዴታ ሆነ። ኢንጂነር ሊዲያን ያገኘናት በዚህ መንገድ ነው። ሊዲያ በቃሊቲ እየተሠራ የነበረ ሰፊ የመኖሪያ ግቢ አረንጓዴ ቦታዎች ኃላፊ ነበረች። የላከችው መግቢያ «ከውጭ የመጣ ሳር፣ ግማሽ ሜዳ። ውሃ ጠጥቶ የማይጠግብ ነገር በጋ ላይ አንጥፌ» የሚል ነው። እትዬ ጫልቱ ሲነበብላቸው ከት ብለው ሳቁና «ይቺ ልጅ ትግባ!» አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

የችግኝ ጣቢያዋ መሬት ለጊዜው የተሰጠች ነበረች። አንድ ሰኔ ከሚመለከተው ቢሮ ሁለት ሰዎች መጥተው፣ በትሕትና፣ የሦስት ዓመት የሥራ ውል ካሳዩ ቦታው እንደሚራዘምላቸው፣ ከሌላቸው ግን ለከባድ መኪና ማቆሚያ እንደታሰበ ነገሯቸው። እትዬ ጫልቱ ለሁለቱም አንድ አንድ የጥድ ችግኝ ሰጥተው ሸኟቸው። ከሸኙ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ በርሜል ላይ ተቀምጠው ነበር።

እንዲህ ዓይነት ውል ልትሰጥ የምትችል አንድ ሰው ብቻ ነበረች፤ ሊዲያ። እሷም ፈቃደኛ ናት። በሐምሌ መጀመሪያ ለሙከራ ግራቪሊያ የሚባለውን የጥላ ዛፍ ገዝታ ልታስተክል፣ ጥሩ ከሆነ ነሐሴ ላይ ለሦስት ዓመት ችግኝ የማቅረብና የመንከባከብ ውል ልትፈርም ተስማሙ። ግራቪሊያዎቹ ካለፈው ክረምት ተርፈው የከረሙ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ነበሩ። እንዴት ያምሩ እንደነበር! «የሚገኝ» በሚለው ዓምድ ላይ «ግራቪሊያ፣ ለምለም፣ አንደኛ ደረጃ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቁመታቸው እንዲታይ አጠገባቸው ቆሜ ፎቶ ተነስቻለሁ። ሊዲያ ያንን ፎቶ አይታ ደወለች፤ የጭነት መኪናዋ በሁለተኛው ቀን መጣች።

ነሐሴ ውስጥ፣ ፊርማው ማክሰኞ ሊሆን ቅዳሜ ጠዋት፣ እትዬ ጫልቱ ከመደቡ መሃል ከቀሩት ግራቪሊያዎች አንዱን ለትምህርት ቤቴ ሊሰጡኝ አነሱ። እንደ ልማዳቸው ላስቲኩን ቀደዱ። አፈሩ ሲራገፍ ሥሩ ታየ። ከላስቲኩ ታች ደርሶ መውጫ ሲያጣ እንደ ገመድ ጥቅል በራሱ ላይ ተጠምጥሟል። ሌላ አነሱ፤ ያው ነው። ሦስተኛ ቀደዱ።

«ኢጆሌ ኮ፣ ልጆቼ...» አሉ፣ ቀስ ብለው።

በመጀመሪያ ቃል የገባሁላችሁ ማብራሪያ ይኸው ነው። ችግኝ በትንሽ ላስቲክ ውስጥ ከዕድሜው በላይ ሲቆይ፣ በየጊዜው ካልተነሳና ሥሩ ካልተቆረጠ፣ ሥሩ ይጠመጠማል። ሲተከልም ጥምጥሙን ይዞ ይገባል። ቅጠሉ ለምለም ነው፤ ከታች ግን ራሱን በራሱ እያነቀ ነው። ዓመት፣ ሁለት ዓመት ቆሞ ይወድቃል። እትዬ ጫልቱ ለሊዲያ ሲሸጡም አንድ ቀደው አይተው ነበር። ግን መኪናው እየጠበቀ ስለነበር የቀደዱት ከመደቡ ጫፍ ነው። ጫፍ ጫፍ ያሉት ሲታረሙም ሲጠጡም ስለሚነቃነቁ ሥራቸው ይቆረጣል። መሃል ያሉትን ግን፣ እሳቸው የወለደች ልጃቸውን ሊያርሱ ቢሾፍቱ በከረሙበት ጊዜ፣ ማንም አልነካቸውም።

«ቲቸር፣ ጻፍ» አሉኝ። «በግራ በኩል።»

«ምን ብዬ?»

«ግራቪሊያ። ለሊዲያ የሸጥኩት በሙሉ። ሥሩ ተጠምጥሟል።»

ሙሉጌታ ከተቀመጠበት ድንጋይ ብድግ አለ። «እትዬ! መቼ ሞተና! ትላንት በታክሲ ሳልፍ አይቼዋለሁ፣ እንደ ቄጤማ ነው የለመለመው። በቁሙ ላለ ሰው ድንኳን ይጣላል እንዴ?»

«ሞቷል» አሉ። «መርዶው አልደረሰውም እንጂ።»

እኔም ጠመኔውን ይዤ ቆሜያለሁ። አስተማሪ ነኝና ሐሳቤን በቅደም ተከተል አቀረብኩ። አንደኛ፣ ፊርማው ማክሰኞ ነው። ሁለተኛ፣ ረቡዕ ብንጽፈው ለዛፎቹ አራት ቀን ምንም ለውጥ አያመጣም። ሦስተኛ፣ ቦታው ከተወሰደ ሰሌዳውም የለም፣ የሚጠቀምበት ሰው ሁሉ ይጎዳል። እትዬ ጫልቱ አላቋረጡኝም።

«ጨረስክ?»

«ጨርሻለሁ።»

«ዛሬ ያፈርኩበትን ረቡዕ እንደማላፍርበት በምን አወቅህ?»

እኔ ግን አልጻፍኩም። ጠመኔውን ከእጄ ወሰዱ። ያን ጊዜ ሁላችንም እርስ በርስ ተያየን፤ ሲጽፉ አይተናቸው አናውቅም። ለካስ በወጣትነታቸው መሠረተ ትምህርት ተምረው ነበር። ፊደላቱ ትልልቅ ናቸው፣ አንዳንዱ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ አንዳንዱ መስመሩን ለቆ ይወርዳል። «ግራቪሊያ» የምትለዋን ቃል ለመጨረስ የወሰደባቸውን ጊዜ አልረሳውም። ሲጨርሱ «ጫልቱ» ብለው ከታች ጻፉና ጠመኔውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«በል ፎቶህን አንሳ» አሉኝ።

አነሳሁ። ለጠፍኩት።

ሊዲያ ስልክ አልደወለችም፤ ሰኞ ጠዋት አካፋ የያዙ ሁለት ሠራተኞች ይዛ መጣችና እትዬን፣ ሙሉጌታንና እኔን ይዛን ወደ ግቢው ሄደች። ሦስት ዛፍ ከሦስት ቦታ አስቆፈረች። ሦስቱም ጥምጥም ናቸው።

«እትዬ፣ እኔ አሁን ለአለቆቼ ምን ልበል?» ዓይኗ ቀልቷል።

«ያየሽውን ነዋ፣ ልጄ።»

«ውሉ ይቀራል እኮ!»

«አውቃለሁ።» ከዚያ እትዬ ጫልቱ ተንበርክከው ጥምጥሙን በሰንጢያቸው ከታች በኩል ቆረጡት፤ ዙሪያውንም ከላይ ወደ ታች ሰነጠቁት። «ዝናቡ አላለቀም። እንዲህ እያደረጋችሁ መልሳችሁ ትከሉት፤ ከላይም ትንሽ ከርከም አድርጉት፣ ሸክሙ እንዲቀልለት። አብዛኛው ይተርፋል። ለመስከረም ካሳደራችሁት ግን አይሆንም።»

ማክሰኞ ፊርማ አልነበረም። ድርጅቱ ጉድለት ያለበት ችግኝ ካቀረበ ሰው ጋር የረጅም ጊዜ ውል አይዝም አለ፤ ሊፈረድበትም አይችልም። ማክሰኞ የነበረው ቁፋሮ ነው። ረቡዕም፣ ሐሙስም። እትዬ ጫልቱ በጭቃ ውስጥ እየተንበረከኩ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሄዱ። ከቴሌግራሙ ቡድን በአካል የማናውቃቸው ሰዎች ሰንጢ ይዘው መጡ። ሙሉጌታ አንዱን ዛፍ ሲቆርጥ «አይዞህ ወንድሜ፣ ትርፍ አንጀት ነው» እያለ ያጽናናው ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰሌዳው ጋ የመጣው ሰው ከወትሮው ይበዛ ነበር። ሊዲያ በጭቃማ ቦቲዋ ከመኪና ወረደች፣ ጠመኔ አነሳች፣ በግራው ዓምድ ላይ ጻፈች፦ «ግራቪሊያ። አንዱንም ሥሩን ሳላይ አስተከልኩ። ሊዲያ።» ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሰች። ሁሉም ወደ ሙሉጌታ ዞረ፤ ለምን እንደዞሩ አላውቅም፤ ምናልባት ዝም ብሎ መቆም ስለማይችል ይሆናል።

«ምነው? እኔ ምንም...» አለ። ጠመኔውን ወሰደ። «የከረሙ ጃካራንዳዎች። ለሦስት ግቢ ሸጫለሁ። ሥራቸውን አይቼ አላውቅም። ሙሉጌታ።»

ከሱ ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው መጣ። በዚያ ዓመት የከረመ ችግኝ ያልሸጠ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የግራው ዓምድ ሞልቶ ወደ «የሚገኝ» ተሻገረ። አድራሻ እየተለዋወጡ፣ የትኛው ግቢ መጀመሪያ ይቆፈር እያሉ ዝናቡ ሳያልቅ ለመድረስ ሲጣደፉ እትዬ ጫልቱ አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆመው ያዩ ነበር።

ቦታቸው ጥቅምት ላይ ተወሰደ። ያንን ማንም ማስቀረት አልቻለም። ሙሉጌታ ከመንገድ ዳር ቦታው ግማሹን ሰጣቸው፤ «ድምፄን ከቻሉት» ብሎ። ቻሉት። እስካለፈው ሳምንት ድረስ እዚያ ነበሩ። ያ የቃሊቲ ግቢም ጥላ ያለው ግቢ ሆኗል። ጥቂቶቹ ዛፎች ሞቱ፤ በቀሩት ሥር ዛሬ ሰዎች ተቀምጠው ያወራሉ።

ሁሉም ስሙን ስለጻፈበት ቅዳሜ አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ሁሉም ሲሄድ ጠመኔውን አነሳሁ። «አንደኛ ደረጃ» ያልኩት እኔ አይደለሁም? ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ፣ በዚያ በሚያምረው ጽሕፈቴ፣ «ግራቪሊያ። ቁመቱ ብቻ ታይቶ አንደኛ ደረጃ ተብሏል» ብዬ ጻፍኩ። እትዬ ጫልቱ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። በጣታቸው እየተከተሉ ፊደል በፊደል አነበቡት።

«ማነው ያለው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«እዚህ ላይ ግን የለህም።»

ሰሌዳውን አየሁ። እውነታቸውን ነው። ዓረፍተ ነገሩ ጥፋቱን ይናገራል እንጂ ሰው የለበትም። ስሜን ጨመርኩበት። ስም መጻፍ ተማሪ ሳለሁ መጀመሪያ የተማርኩት ነገር ነው፤ እንደዚያ ቀን ከብዶኝ ግን አያውቅም።

አሁን እናንተ ሞክሩት። ችግኝ ብታፈሉ፣ ግቢ ብታስውቡ፣ እንደኔ ክፍል ውስጥ ብታስተምሩ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ አንድ ሰሌዳ ስቀሉ። ውድ ሰሌዳ አያስፈልግም። ሌላ ሰው እስኪጀምር አትጠብቁ። ምን እንደተበላሸባችሁና በምን ምክንያት እንደተበላሸ በአንድ መስመር ጻፉ። ስማችሁን ከታች አድርጉ። ከዚያ ጠመኔውን እዚያው አስቀምጡና ትንሽ ፈቀቅ በሉ፤ የሚቀጥለው ሰው እንዲያነሳው።